ከቼሎዎቹ ሥር

የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብላ ከወረቀቱ ላይ አበነነችውና፣ ያጠፋችው ኖታ አሻራ ትቶ እንደሆነ ለማየት ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው። ትቷል። እርሳሷን ጠበቅ አድርጋ ስለምትይዝ የጻፈችው ነገር ጨርሶ አይጠፋም፤ ጥቁረቱ ይሄዳል እንጂ ስርጉዱ ይቀራል። ባዶ በሆነው ቦታ ላይ የዝምታ ምልክት አደረገች። ቀጥሎ ያለውንም ኖታ አጠፋች።

ከግድግዳው ማዶ አባቷ ሪድ ይፍቃል። ሪድ ሁለት የሸምበቆ ስንጣሪዎች ተጋጥመው የታሰሩበት፣ ፋጎት የሚባለውን ረጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋ ሰው ከንፈሮቹ መካከል የሚይዘው ትንሽ ነገር ነው። ደህና ፋጎት ነፊ ሪዱን ከሱቅ አይገዛም፤ ራሱ ይሠራል። ቢላዋው በሸምበቆው ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ያደገችበት ድምፅ ነው። ጥቂት ይፍቅና ያቆማል፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ ደግሞ ይቀጥላል። አሁን ግን በመካከሉ ሳል ገብቶበታል። ደረቅና አጭር ነው፤ በር ላይ የቆመ እንግዳ መኖሩን ለማሳወቅ እንደሚስለው ዓይነት።

ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋው ዋናው ኖታ ከብዙ ዘመን በፊት ለአንድ ቤተ መንግሥት ግብዣ የተጻፈ የዳንስ ሙዚቃ ነበር። ግርማ ባለው መግቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ዳንሶቹ ይከታተላሉ። ጋቮት የሚባለው ፈጠን ይላል፣ ሳራባንድ የሚባለው ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ የመጨረሻው ጂግ ሰውን ላብ በላብ ያደርጋል። የተጻፈው ለሙሉ ኦርኬስትራ ነው። የእሷ ሥራ ይህን ሁሉ ለአምስት የትንፋሽ መሣሪያ ማብቃቃት ነበር፤ ለፍሉት፣ ለኦቦ፣ ለክላሪኔት፣ ለሆርንና ለፋጎት።

የሰው ቁጥር ማነሱ ያን ያህል አላስቸገራትም። ያስቸገራት ቫዮሊን የማይተነፍስ መሆኑ ነው። ቀስቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ዜማው ሳይቆረጥ ገጹ ያልቃል። ያንን ሙዚቃ የጻፈው ሰው ለክንድ እንጂ ለሳንባ አልጻፈም። ስለዚህ ቫዮሊኖቹ በአንድ ጉዞ የሚጨርሱትን ሩጫ ፍሉቱ ይጀምረዋል፣ ክላሪኔቱ ከመካከል ይቀበለዋል። ኦቦው አየር ሲስብ ሆርኑ የያዘውን ይዞ ይጠብቀዋል። እሷ እያንዳንዱን መስመር ስትጽፍ ትንፋሿን ይዛ ታነበዋለች፤ ደረቷ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ፣ ከኖታው በላይ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠች ትንሽ ምልክት ታደርጋለች። እዚህ ተንፍስ ማለት ነው። ጎረቤት ቢያያት አብዳለች ሳይል አይቀርም፤ ጉንጯን ነፍታ ወረቀት ላይ ያፈጠጠች ሴት።

ታችኛው መስመር ግን ምልክት የሚደረግበት ቦታ አልነበረውም። ባሱ ከመግቢያው እስከ ጂጉ ድረስ ይራመዳል። ላይ ያሉት ቢያቆሙ፣ ቢያጌጡ፣ ቢቀባበሉ እሱ አያቆምም፤ የሚጨፍረው ሰው እግሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ይህ መስመር የፋጎቱ ነው፤ ፋጎቱም የአባቷ። እሷ አሁን እያጠፋች ያለችው እሱን ነበር።

የአባቷ ሳንባ ጥግ ጥግ እየደረቀ ነው ብላ ነበር ሐኪም ቤት የመረመረችው ሐኪም። መንፋቱን መቀነስ፣ ቀስ በቀስም መተው እንደሚኖርበት ነግራዋለች። አባቷ ሱቅ ውስጥ ዋጋ እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቅንቆ አመስግኗት ወጣ። አውቶቡስ ማቆሚያው ሲደርሱ ስለ ሌላ ነገር አወራ።  ይጫወትበት የነበረው ኦርኬስትራ ከተበተነ ወዲህ ቫዮሊኖቹና ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ዘመዶቻቸው ቼሎዎቹ ሆቴል ለሆቴል ሲበታተኑ፣ አንድ ላይ የቀሩት አምስቱ ነፊዎች ብቻ ናቸው። የድሮው አዳራሻቸው ወንበሮቹ ተነቅለው መጋዘን ሊሆን ነው። ከዚያ በፊት አንድ ምሽት ተፈቅዶላቸዋል። ኦርኬስትራው በየዓመቱ ሥራ የሚከፍተው በዚያ የዳንስ ሙዚቃ ስለነበር፣ አባቷ መዝጊያውም እሱ እንዲሆን ፈልጓል።

«ቫዮሊን የለም ብለን አንተወውም» አላት። «አንቺ ለአምስታችን አቀናብሪው። ባሱን ብቻ እንዳትነኪብኝ። እንዳለ ተዪው።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ በአፍ ነው በልብ?»

«በሁለቱም» አለችው። አውቶቡሱ መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። እሷም ለሾፌሩ ገንዘብ ስታቀብል ያላየች መሰለች።

ቃሏን ያጠፈችው እንዲሁ በድንገት አይደለም። መጀመሪያ መስመሩን እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ አነበበችው፤ ጤነኛው ደረቷ ሳራባንዱ መካከል ላይ እምቢ አላት። ከግድግዳው ማዶ ሳሉ ተሰማ። ላጲሱን ያነሣችው ያኔ ነው። አንድ ሐረግ ለሆርኑ ሰጠች፤ አንዱን ለክላሪኔቱ። ከዚያ ጋቮቱ ውስጥም ገባች። ሥራዋን ስለምታውቅ መሸፈኛም አዘጋጀች፤ ማንም ቢጠይቃት ለድምፁ ቀለም ነው ልትል። አባቷ ሳይዋረድ ያችን ምሽት ይወጣታል፣ አዳራሹም ይዘጋል፣ እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ ትኖራለች። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

አምስቱ የሚለማመዱት አንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሆርን ነፊው ላይኛው ፎቅ መጽሐፍ ጠራዥ ስለሆነ ቦታውን ለምኖ ያስገኘው እሱ ነው። ትልልቅ የወረቀት ጥቅሎች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ የቀለም ሽታ አለ። ማሽኑ ሲሠራ ጣሪያው ስለሚንቀጠቀጥ ልምምዱ ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ነው።

አባቷ የፋጎቱን ሣጥን ማንም እንዲይዝለት አይፈልግም። ቁልቁል በሚወርደው ደረጃ ላይ እንኳ ሁለት ጊዜ ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ። ክሩ አልተፈታም ነበር። እሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ ማስታወቂያ ደጋግማ አነበበች።

«ጋሽ ምሰሶ፣ ደረጃው ረዘመብህ?» አለው ሆርን ነፊው ገና በሩ ላይ። ምሰሶ የሚለውን ስም ያወጡለት በኦርኬስትራው ዘመን ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ስለሚቀመጥና እሱ ከተነሣ ጣሪያው ይወርዳል ስለሚባል።

«ያንተን ፊት የማይበትን ሰዓት ላሳጥር ብዬ ነው» አለ አባቷ።

ሣቁ። ፍሉት ነፊዋ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራው፣ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። አፏ ከመርፌዋ ይብሳል ይሏታል። ኦቦውና ክላሪኔቱ ዝምተኛ ሰዎች ናቸው፤ ሲገቡም ሲወጡም አይታወቅም። እሷ ኖታዎቹን አደለችና ከወረቀት ጥቅሎቹ አጠገብ ቆመች።

መግቢያው ደህና ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይላት ነበር፤ በወረቀት ላይ ያሰበችው ነገር አየር ሆኖ ሲወጣ መስማት ለእሷ ከምግብ በላይ ነው። ጋቮቱ ሲጀመር ግን ያነክስ ጀመር። የሆርን ታችኛው ድምፅ ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፤ ነፊው በሰዓቱ ቢነፋው እንኳ ከቱቦው የሚወጣው ዘግየት ብሎ ነው። ይህን የማያውቅ አቀናባሪ የለም። እሷም ታውቃለች። የአባቷን ሳል እየሰማች ስትጽፍ ነበር የዘነጋችው፣ ወይም እንዳላወቀች የሆነችው። ባሱ ከዳንሱ ኋላ አንድ እግሩን እየጎተተ ይከተላል።

ሆርን ነፊው መሣሪያውን ከአፉ አወረደ።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር የእኔ ነው ብለሽ ነው? እኔ እዚያ ታች እስክደርስ እኮ እነዚህ ጨፍረው ተቀምጠዋል።»

«ሆድህን ብትቀንስ ትደርስ ነበር» አለች ፍሉት ነፊዋ።

«ሆዴንማ ተዪው፣ ትንፋሼን የማስቀምጠው እሱ ውስጥ ነው። የእውነት ግን፣ ይሄ የፋጎት መስመር ነው፤ እጄ ላይ ምን ያደርጋል?»

ያዘጋጀችውን መልስ ሰጠች። ሆርኑ ከታች ሲሆን ድምፁን ሞቅ ያደርገዋል ብዬ ነው አለች። መልሱ አፏ ውስጥ ሳለ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። ሆርን ነፊው ትከሻውን ነቅንቆ እንደገና ከመጀመሪያው እንሂድ አለ።

እንደገና ሲጀምሩ ወደ አባቷ አየች። በእሱ ገጽ ላይ ዝምታ በጻፈችበት ቦታ ሪዱ ከከንፈሩ ተላቋል፤ ጣቶቹ ግን አላቆሙም። ቁልፎቹን እየተጫኑ ይሄዳሉ። ሆርኑ ዘግይቶ የሚያወጣውን እያንዳንዱን ኖታ የአባቷ ጣቶች በሰዓቱ ይረግጡታል፤ ዜማ የሌለው ጠቅ ጠቅ ብቻ ይሰማል። ዕድሜ ልኩን የተራመደበትን መንገድ ጣቱ ያውቀዋል። ወረቀቱን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

ጋቮቱ እንዳለቀ እጁን ዘረጋ። «ዋናውን ኖታ አምጪው እስቲ።»

ሰጠችው። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የእሷን ገጽ ጎን ለጎን ይዞ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አልቸኮለም። ሆርን ነፊው ከቱቦው ውስጥ ውሃ ሲያራግፍ ቆየ፤ ፍሉት ነፊዋ ጋዋኗ ላይ የሌለ ነገር ጠረገች። ነገሩ የገባቸው መስሏታል። አባቷ የመጨረሻውን ገጽ ዘግቶ ኖታውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሳራባንዱን እንሂድ» አለ።

«እሱን የምጀምረው እኔ ነኝ» አለ ሆርን ነፊው።

«አንተ ተወው። እኔ እይዘዋለሁ።»

ሆርን ነፊው ወደ እሷ አየ፤ እሷ መሬት አየች። ሆርኑን ጭኑ ላይ አስተኛ።

አባቷ ያለ ወረቀት ጀመረ። ልጅ ሳለች ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ከወለሉ በኩል ትሰማው የነበረው ድምፅ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ጭስ የነካው እንጨት የመሰለ። እያንዳንዱን እርምጃ አስቦ ይረግጣል፣ ኦቦው በላዩ ላይ ሳይፈራ ይሄዳል። ሌሎቹ ተስተካክለው ተቀመጡ። ጨዋታው ከልምምድነት አለፈ። እሷ ሳታውቀው ትንፋሿን ይዛለች። ደረቷ እምቢ ሲል አየር ሳበች። እሱ አልሳበም። የት ላይ እንደሚተነፍስ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች፤ ክፍተት የለም። ሁለተኛው ሐረግ ገባ። ድምፁ ከዳር ከዳር መቅጠን ጀመረ፤ ከዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሐረጉ ሳይሞላ፣ መሀል መንገድ ላይ፣ ጠፋ።

ላይ ያሉት ሦስቱ መስመራቸውን ይዘው ጥቂት ሄዱ። ዜማቸው ግን ከሥሩ የሚያርፍበት ባስ የለውም። ኦቦው ቆመ፣ ክላሪኔቱም። ፍሉት ነፊዋ ብቻዋን ሐረጉን እስከ መጨረሻው አደረሰችውና መሣሪያዋን አወረደች።

አባቷ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ትከሻው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አየሩ ግን የሚገባበት ቦታ ያጣ ይመስላል። ከንፈሩ ዙሪያ ጠቁሯል። ፍሉት ነፊዋ ተነሥታ ጀርባው ላይ እጇን አሳረፈች፤ እሱ እጇን ይዞ ቀስ ብሎ መለሰላት።  እሷ ከወረቀት ጥቅሎቹ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። ብትሄድ ሁሉም ሰው የልጁ ድጋፍ እንዳስፈለገው ያይ ነበር።

ላይ፣ ማሽኑ ተነሣ። ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ማሽኑ ተነሣ» አለ አባቷ መናገር ሲችል። «በዚህ ጫጫታ አይሠራም።»

በዚህ ጫጫታ እንደማይሠራ ሁሉም ተስማሙ። ሆርን ነፊው እንዲያውም አለቆቹን ረገመ። መሣሪያቸውን ፈታትተው፣ ጠራርገው፣ በየሣጥኑ ከተቱ። ያን ዕለት የፋጎቱን ሣጥን የተሸከመችው እሷ ነበረች፤ አባቷ አልተከራከራትም፤ ያስፈራትም ይኸው አለመከራከሩ ነው።

ቤት እንደገቡ ወደ ክፍሉ አልሄደም። የእሷን ወንበር ሳይሆን፣ ከጠረጴዛዋ ማዶ ያለውን ስቦ ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። ውሃ አመጣችለት። ግማሹን ጠጣ።

«መቼ ነው ያጠፋሽው?»

«ከሐኪም ቤት በተመለስን ሰሞን።»

«እሺ ያልሽኝስ?»

«በአፍ ነበር» አለች።

ይህንን ሲሰማ ፊቱ ላይ ሣቅ የሚመስል ነገር መጥቶ ሄደ። ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ አንድ ዙር አዞረው። እሷ መናገር ጀመረች። ለአንድ ምሽት ብቻ መሆኑን፣ የሆርኑን ስሕተት ማረም እንደምትችል፣ ጥቂት ቦታዎችን ለክላሪኔቱ ሰጥታ ሌላውን እንዳለ ብትመልስለት ማንም እንደማያውቅ ነገረችው። ድምጿ ሲፈጥን ራሷን ሰማች። እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ኦርኬስትራው ውስጥ የት ላይ እንደምተነፍስ ታውቂያለሽ?» አላት።

«የሐረጉ መጨረሻ ላይ።»

«አይደለም። መጨረሻ ላይማ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። መካከል ላይ ነው። ቼሎዎቹ ከእኔ ጋር አንድ ኖታ ነው የሚጫወቱት። እነሱ ድምፁን ይዘውት ሲሄዱ እኔ ከሥራቸው ገብቼ እተነፍሳለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ሰው አያውቅም። መሪው ራሱ ይሄ ሰውዬ ሳንባው የት ድረስ ነው ይል ነበር።» ሳለ፣ ጠበቀ። «ትንፋሼ በየገጹ ይቆረጥ ነበር፤ ይሸፍኑኝ ነበር። ያኔም፣ ጤነኛ ሆኜ።»

«እኔም ልሸፍንህ ነው የፈለግኩት።»

«አየሁ። ሆርኑን አሽመድምደሽ።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ዳንስ እኮ ነው። ሰው እግሩን የሚያነሣበት። በእኔ ሳንባ የተነሣ ዳንሱ ለምን ያነክሳል? ለእኔ አትጻፊው። ለፋጎት ጻፊው።»

«ፋጎቱ አንተ ነህ።»

«ነበርኩ» አለ፣ የተሳሳተ ኖታ እንደሚያርም ሰው፣ ቀለል አድርጎ።

 ጋቮቱን ብቻ እንኳ ልትለው አሰበች፣ መግቢያውን ብቻ፤ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ፍሉት ነፊዋ ብቻዋን ሐረጉን ስትጨርስ የነበረው ፊቱ መጣባት። ተወችው። እሱ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባና ስልክ ደወለ። በግድግዳው በኩል ሁሉም ይሰማል። የደወለው በኦርኬስትራው ውስጥ ሁለተኛ ፋጎት ሆና አጠገቡ ትቀመጥ ለነበረችው ሴት ነው። ጎረቤቴ ነው የሚላት። አሁን መነጽር ቤት ትሠራለች።

«ጎረቤቴ፣ ሥራ አገኘሁልሽ» አላት። «ደሞዝ የለውም፣ ግን የክት ልብስ የሚለበስበት ነው።» ሣቀ። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች። «የለም የለም፣ ደህና ነኝ። ጥርሴ ነው። ፊት ለፊት ያለው ተነቃንቆ ሪድ አልይዝ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ አይበቅልልኝ።» ደግሞ ሰማ። «ልጄ ናት የጻፈችው። አዎ፣ እሷ። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ታዪዋለሽ።»

ንጹሕ የሚለውን ስትሰማ ላጲሱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መሳቢያ ውስጥ ጨመረችው።

ተመልሶ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ወንበሩን አዙሮ በጎኗ ተቀመጠ። «በይ፣ መልሺው» አላት።

መመለሱ አላስቸገረም። የእርሳሷ ስርጉዶች ሁሉም እንዳሉ ነበሩ፤ ወረቀቱን ትንሽ ስታዘነብለው የጠፋው መስመር ነጭ ሆኖ ይታያል። በየጉድጓዱ ላይ ጥቁረቱን ሞላችበት። ሆርኑን ከታች አወጣችውና ወደሚቀለው ቦታ መለሰችው። ባሱ ከመግቢያው ተነሥቶ መራመድ ጀመረ። አባቷ መነጽሩን አድርጎ በጣቱ ይከተላታል፤ የሚተነፈስበት ቦታ ሲደርስ ጥፍሩን ወረቀቱ ላይ ያኖራል፤ እሷም ጎባጣዋን ምልክት ታደርጋለች።

«እዚህ ቀደም አድርጊላት፤ ጎረቤቴ ሳንባዋ ጥሩ ነው፣ ግን ትቸኩላለች» ይላል። «እዚህ እኔ ሁልጊዜ እሳሳት ነበር፤ አስፊላት።» ሌላ ጊዜ ጥፍሩ ብቻ ይወርዳል።

ሳራባንዱ ውስጥ፣ ትንፋሹ የተቆረጠበት ሜዠር፣ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለችው አጭር ክፍል፣ ላይ ሲደርሱ ጥፍሩ አልወረደም። እሷም እርሳሷን አነሣች። ሁለቱም ያንን መስመር አዩት። ከወረቀቱ ላይ ሲያዩት ከሌላው የሚለይበት ምንም ነገር የለውም።

«ክላሪኔቱ እዚህ ምን ያደርጋል?» አላት።

«መካከለኛውን ድምፅ ይዞ ይቆያል።»

«አውርጂውና ከእሷ ጋር አንድ ኖታ ይያዝ። ለአንድ ሜዠር ብቻ። ቼሎ ይሁንላት።»

እርሳሱን ከእጇ ወስዶ ምልክቷን ራሱ አደረጋት፤ ከእሷ ምልክቶች የሳሳች፣ ብዙም ያልተጫናት። 

«ይሄ ለአንተም ይሆን ነበር ታዲያ» አለችው።

«ለእኔ በየሜዠሩ ቼሎ ያስፈልገኛል» አለ። እርሳሱን መለሰላት።

ጂጉን ብቻዋን ትጨርሰው ብሎ ተነሣ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ደብዝዟል፣ ግን ገና መብራት የሚያስበራ አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ ቢላዋው ሸምበቆው ላይ መሄድ ጀመረ። ጠዋት የጀመረውን ሪድ ነው። ፋቅ ያደርግና ያቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። እሷ በዚያ ድምፅ ላይ ጂጉን ጻፈች፣ የመጨረሻዎቹን ሩጫዎች፣ የትንፋሽ ምልክቶቹን፣ ማብቂያውን ድርብ መስመር።

መፋቁ አቆመ። አባቷ ሪድ ሲጨርስ ከንፈሩ ላይ አድርጎ አንዴ ይነፋዋል፤ የታነቀ ዶሮ የመሰለ አስቀያሚ ድምፅ ያወጣል። ልጅ ሳለች በዚያ ድምፅ ትንፈራፈር ነበር ከሣቅ የተነሣ። እርሳሷን ይዛ ጠበቀች። ድምፁ አልመጣም። የሪዶቹ ትንሽ ሣጥን ስትከፈት ተሰማ፤ ስትዘጋም።

የፋጎቱን ገጽ ሳበችው። ከላይ በኩል፣ የአምስቱንም ድርሻ ስትጽፍ እንደ ቀልድ የየሰዉን ቅጽል ስም አድርጋበት ነበር። ከመሳቢያው ላጲሱን አወጣች፤ «ምሰሶ» የሚለውን አጠፋች፤ ፍርፋሪውን በእጇ ጠረገችው። ስርጉዱ አልሄደም። በላዩ ላይ «ፋጎት» ብላ ጻፈችበት፤ ፊደሎቹ የድሮውን ጉድጓድ በከፊል ሸፈኑት። አምስቱን ገጾች ጠርዝ ለጠርዝ አስተካክላ በመቆንጠጫ ያዘቻቸውና፣ መደርደሪያው ላይ፣ ጠዋት ማንሣት በሚቀልበት ቦታ አስቀመጠቻቸው።